በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን እናንብብ
(በመርካቶ ራጉኤል ለሰበካ ጉባኤ አባላት የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።



በዚህ በራጉኤል ዙሪያ የታሸገ ውኃ በየሱቁ ተደርድሮ ይሸጣል። ሕዝባችን ሁሉንም «ሃይላንድ» ብሎ በአንድ ስም ይጠራዋል፤ የሚጠይቀውም ንጹሕ መሆኑን ብቻ ነው። ይሁን እንጂ የውኃው ንጽሕና አንድ ነገር፣ በውስጡ የሟሟው ማዕድን ሌላ ነገር ነው።

አምቦ ውኃን እንመልከት። ከተማዋ ቀድሞ ሀገረ ሕይወት ትባል ነበር፤ ውኃዋም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1930 ጀምሮ እየታሸገ ይሸጣል። ይህ ውኃ በያዘው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አጋዥነት ዓለቱን እያሟሟ ቢካርቦኔት፣ ሶዲየም፣ ካልሲየምና ማግኒዚየም ይዞ ይወጣል። ካልሲየም ለአጥንት፣ ማግኒዚየም ለጡንቻና ለነርቭ ይጠቅማሉ። ቢካርቦኔት የጨጓራን አሲድ ለጊዜው ያበርዳል፤ ብዙውን ጊዜ ቁስሉን የሚያመጣውን ባክቴሪያ ግን አያጠፋም። ስለዚህ ጨጓራው ደጋግሞ የሚያመው ምእመን በአምቦ እየተጽናና ሕክምናውን ማዘግየት አይገባውም። የደም ግፊት ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበትም በውኃው ያለውን ሶዲየም ከምግቡ ጨው ጋር ደምሮ ይቁጠር፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ2 ግራም ሶዲየም በታች ነው።

ማዕድን ሁሉ በመብዛቱ አይመሰገንም። በስምጥ ሸለቆ ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ፍሎራይድ ይበዛባቸዋል። ድርጅቱ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከዚያ ሲያልፍ በማደግ ላይ ያለውን የሕፃናት ጥርስ ያበልዛል፤ እጅግ በዝቶ ለዓመታት ሲጠጣም አጥንትን ይጎዳል። ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያስወግድም፤ እንዲያውም ውኃው ሲተን መጠኑ ይጨምራል።

እንግዲህ ከሰበካ ጉባኤያት ሦስት ነገር እንጠብቃለን። አንደኛ፣ ለበዓልና ለሰንበት ትምህርት ቤት ውኃ ሲገዛ ከዋጋው ጋር በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው የሶዲየምና የፍሎራይድ መጠን ይታይ። ሁለተኛ፣ ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን ኦአርኤስ በአምቦ እንዳይበጠበጥ ለእናቶች ይነገር፤ የዱቄቱ ጨው ለንጹሕ ተራ ውኃ የተመጠነ ነውና። ሦስተኛ፣ ዳግም የተሞላ ጠርሙስ በወረቀቱ አይታመን፤ ወረቀቱ የሚመሰክረው ስለ ቀድሞው ውኃ ነው።

የበለዘ የልጅ ጥርስ ወደ ነበረበት አይመለስም፤ ቁጥሩን ማንበብ ግን ከአንድ ደቂቃ በላይ አይወስድም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።