በውሃ ላይ የሚነበብ ማስታወቂያ



ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በ1994 ዓ.ም. ኅዳር ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ 10,000 ያህል ሰው ተሳትፎበታል። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የአዲስ አበባን ጎዳና በአንድ ቀለም የሚያጥለቀልቀው ካኔተራ የመሮጫ ፈቃድም፣ የሯጩ መለያም፣ የደጋፊው ድርጅት ማስታወቂያም ነው። ሯጩ ገዝቶ ይለብሰዋል፤ ሩጫው ካለፈም በኋላ እስኪነትብ ድረስ በየሰፈሩ ይዞት ይዞራል። ከዚህ የረከሰና የረዘመ ማስታወቂያ በአገራችን መኖሩ ያጠራጥራል።

ይህ ዘዴ ግን ውሃ ላይ አይሠራም። በሐይቅ ወይም በባሕር በሚደረግ የረጅም ርቀት ዋና ተመልካቹ ከዳር ሆኖ የሚያየው አንድ ቆብና ብቅ ጥልቅ የሚል ክንድ ብቻ ነው። ስለሆነም ገንዘብ የሚያወጣው ድርጅት ስሙን የት እንደሚጽፍ ሲጠይቅ፣ ዋናተኛው በምን እንደሚታይ አብሮ መጠየቁ ነው። ዋናተኛው የሚታይበት ነገር ደግሞ የሚድንበት ነገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1927 ሁለት ነጋዴዎች በሁለት መንገድ ሄደዋል። ዊልያም ሪግሊ የተባለው አሜሪካዊ የማስቲካ ባለ ፋብሪካ የካታሊናን ደሴት በክረምት ለማስተዋወቅ ሲል ከደሴቱ እስከ ካሊፎርኒያ ዳርቻ ለሚዋኝ 25,000 ዶላር ሽልማት አቆመ። በጥር ወር ቀዝቃዛ ባሕር ከገቡት ከ100 የሚበልጡ ሰዎች መካከል የፈጸመው ጆርጅ ያንግ የተባለ የ17 ዓመት የካናዳ ወጣት ብቻ ነበር፤ 15 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ፈጀበት። ወሬው ዓለምን አዳረሰ፤ የቀሩት ግን እየተንቀጠቀጡ ከውሃ ወጡ።

በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር እንግሊዛዊቷ መርሴዴስ ግላይትዝ የእንግሊዝን ቦይ ዳግመኛ ለማቋረጥ ስትነሣ የሮሌክስ ባለቤት ሐንስ ቪልስዶርፍ ውሃ የማያስገባ ሰዓት ሰጣት። ከ10 ሰዓት በላይ ዋኝታ ብርዱ ስለበረታባት ሳትፈጽም ወጣች፤ በአንገቷ ያንጠለጠለችው ሰዓት ግን ይቆጥር ነበር። ቪልስዶርፍ ይህንኑ ኅዳር 24 ቀን በዴይሊ ሜይል የፊት ገጽ አሳተመው። ሴቲቱ ባታሸንፍም ዕቃው ሥራውን ሠርቶ ስለተገኘ ማስታወቂያው እውነተኛ ነበር።

የማስታወቂያው ድምቀት ከጥበቃው ከበለጠ የሚከተለው ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2010 በተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ፉጃይራ በተደረገ ዓለም አቀፍ የ10 ኪሎ ሜትር ውድድር አሜሪካዊው ፍራን ክሪፕን በሞቃት ውሃ ውስጥ ሰጥሞ ሞተ። ዕድሜው 26 ነበር። ጠላቂዎች አስከሬኑን ያገኙት ከሁለት ሰዓት ያህል በኋላ ነው። የሚከታተሉት ጀልባዎች ማነስ ከሞቱ በኋላ ብርቱ ወቀሳ አስከተለ።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ከኩታበር በደሴ በኩል ወርዶ ወደ ሐይቅ ከተማ ለመድረስ ግማሽ ቀን አይፈጅም። በዚያ ያለው ሐይቅ ከባሕር ወለል ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ፣ መካከሉም ወደ 80 ሜትር የሚጠልቅ ነው። የዋና ውድድር ቢታሰብበት ከቆላ የመጣ ዋናተኛ ትንፋሽ እንደሚያጥረው፣ የደጋው ልጅ ደግሞ ትንፋሹ ቢበቃው ዋናውን እንደማያውቀው አስቀድሞ መገመት ይገባል። ምልክት የሚሆኑትን ተንሳፋፊዎች መካከሉ ላይ መልሕቅ ጥሎ ማቆም ብዙ ገመድ ይፈጃል፤ መስመሩ ዳር ዳሩን ቢሄድ ይሻላል። የውሃው ንጽሕና፣ በተለይም የቢልሃርዝያ ነገር፣ በጤና ባለሙያ መመርመር አለበት።

በታንኳ ላይ ትልቅ ሸራ መስቀል የሚያምራቸው ደጋፊዎች አይጠፉም። 6 ካሬ ሜትር የሆነ ሸራ በሰከንድ 10 ሜትር በሚነፍስ ነፋስ ወደ 350 ኒውተን በሚደርስ ኀይል፣ ማለትም እንደ 35 ኪሎ ሸክም ይገፋል። ይህ ታንኳውን ከሚጠብቀው ዋናተኛ ያርቀዋል። ስሙ በታንኳው ጎን በቀለም ይጻፍ፤ በዋናተኛው ቆብ ላይ ከቁጥሩ በታች ይታተም፤ ከወገቡ ታስሮ በሚከተለው ብርቱካንማ ተንሳፋፊ ፊኛ ላይ ይውጣ። የዓሣ አስጋሪዎቹ ታንኳዎች በቀን አበል ቢሰለፉ ገንዘቡም በዚያው አካባቢ ይቀራል።

ደጋፊ ማን ይሁን? ስፖርት ሲነሣ ቀድሞ የሚታሰበው የቢራ ፋብሪካ ነበር፤ ኮምቦልቻም አንድ አለ። ሆኖም አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮ፣ ከቴሌቪዥንና ከመንገድ ዳር ሰሌዳ ካገደ ወዲህ ያ በር ጠብቧል፤ ለዋና ውድድርስ እንኳን ጠበበ ያሰኛል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚድማር ግድብ በየዓመቱ የሚደረገውና ብዙ ሺህ ሰው የሚዋኝበት ውድድር የታሸገ ውሃ አምራች ድርጅት ስም ይዞ ቆይቷል። በእኛም ዘንድ የውሃ ፋብሪካ፣ የቀለም ፋብሪካ፣ ይልቁንም ኢንሹራንስ ቢጠየቅ ተገቢ ነው።

አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴት የማይገባበት የጸሎት ስፍራ ነው። መስመሩ ከመቀየሱ በፊት አባቶች ይጠየቁ፤ በዚያ ወገን ሰሌዳም ድምፅ ማጉያም አይቁም።

ከደጋፊው ጋር በሚፈረመው ውል አንድ አንቀጽ መግባት አለበት። የመጨረሻው ዋናተኛ ከውሃ ወጥቶ ቆቦቹ ተቆጥረው ከመነሻው ቁጥር ጋር እስኪገጥሙ ድረስ ሽልማት አይሰጥም፤ የድርጅቱም ስም በድምፅ ማጉያ አይጠራም።