የመኪናና የእርሻ ማሽን ብልሽት፣ የአምራቾች ዋስትና እና የእኛ ድርሻ

(በዩኒየኑ የምስረታ በዓል ላይ ከማሽነሪና ትራንስፖርት አገልግሎት ክፍል የቀረበ ንግግር)

የዝግጅት ኮሚቴው ስለ ማሽነሪ አገልግሎታችን ውጤትና ችግር እንድናገር ጠይቆኛል። ውጤቱን በዚሁ መጽሔት ሌላ ገጽ ላይ ከነፎቶግራፉ ስለምታገኙት በእርሱ ጊዜያችሁን አልወስድም። የምናገረው በግቢያችን ቆመው ስለምታዩአቸው ነው። ዛሬ ስትገቡ በስተግራ በኩል ሸራ የለበሰች ኮምባይነር አይታችኋል፤ ከጎኗም ኮፈኑ የተከፈተ የጭነት መኪና አለ። “ማሽን ተገዛ ሲባል እልል ብለን ነበር፤ ታዲያ ምን ነካው?” እያላችሁ የምትጠይቁን አባላት ጥቂት አይደላችሁም። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በግልጽ መመለስ አለበት።

ያለፈውን የመኸር አዝመራ እናስታውስ። ኅዳር አጋማሽ ላይ አጨዳው ገና እንደተጀመረ ኮምባይነሯ በማሳው መካከል ቆመች። ሞተሩ ይነሣል፣ ነገር ግን ጉልበት የለውም፤ ከመሪው አጠገብ ባለው ስክሪን ላይ አንድ ቁጥር ብልጭ ድርግም ይላል። መካኒኮቻችን ፊልትሮውን ለወጡ፣ የነዳጁን መስመር አጠቡ፣ ገመዱን አንድ በአንድ ፈተሹ፤ ቁጥሩ አልጠፋም። የቁጥሩን ትርጉም የሚናገረው መጽሐፍ ለገዢ አልተሰጠም፤ የሚያነበው ኮምፒዩተርም ያለው በሻጩ እጅ ብቻ ነው። ማሽኗ በዋስትና ጊዜዋ ውስጥ ስለነበረች ለሻጩ ደወልን። ባለሙያው በ6ኛው ቀን መጣ። ኮምፒዩተሩን ሰክቶ በሩብ ሰዓት ውስጥ ከአውራ ጣት የማይበልጥ አንድ ሴንሰር መበላሸቱን ነገረን። ዕቃው ግን አገር ውስጥ የለም ተባለ፤ እስኪመጣም ሌላ 17 ቀን ጠበቅን። በመሐሉ ታኅሣሥ ገባ፣ ያልታሰበ ዝናብም ጣለ። ስንዴያቸው በቆመበት መብቀል የጀመረባቸው አባላት እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል። ለግል ኮምባይነር በኩንታል ስንት እንደተጠየቁም ከእኔ ይልቅ እነርሱ ቢናገሩት ይሻላል።

የሻጩን ስም የማላነሳው ፈርቼ አይደለም። ነገሩ የአንድ ድርጅት አመል ብቻ ቢሆን ኖሮ ድርጅቱን ቀይረን በተገላገልን ነበር። የጭነት መኪናው ከሌላ ሻጭ የተገዛ ነው፤ ፍሪሲዮኑ በዋስትናው ጊዜ ተቃጥሎ ስናመለክት “ሾፌራችሁ እግሩን ፍሪሲዮን ላይ አሳርፎ ስለሚነዳ ነው” የሚል መልስ ተሰጠን። ሾፌሩ በሙያው ለረጅም ዘመን የኖረ ሰው ነው። ፍሪሲዮኑ ተለወጠ፤ ዋጋውን የከፈልነው እኛ ነን። አዲሱም ብዙ አልቆየም።

“ጥፋቱ የነጂው ነው” የሚለው መልስ በሌላም አገር የተሰጠ፣ በፍርድ ቤትም የታየ ነው። ፎርድ የተባለው ኩባንያ ፊየስታ፣ ፎከስና ኢኮስፖርት በተባሉ አውቶሞቢሎቹ ላይ ፓወርሺፍት የሚባል፣ ማርሽ በራሱ የሚቀይር ካምቢዮ ገጥሞ በአውስትራሊያ ወደ 70,000 የሚሆኑ መኪኖች ሸጧል። መኪኖቹ ይንቀጠቀጡ፣ ሲነሡም ጉልበት ያጡ ነበር። ከተሸጡት ውስጥ ከግማሽ በላዩ ቢያንስ አንድ ጊዜ በዚሁ ካምቢዮ ምክንያት ወደ ጋራዥ ገብተዋል። አቤት ለሚሉ ገዢዎች ግን ችግሩ ከአነዳዳችሁ የመጣ ነው ይባል ነበር፤ ኩባንያው የካምቢዮውን ችግር እያወቀ ማለት ነው። መኪናቸው እንዲለወጥ የጠየቁትም ተጨማሪ ገንዘብ እንዲከፍሉ ተደርገዋል። የአገሪቱ የውድድርና የሸማቾች ኮሚሽን ጉዳዩን ለፍርድ ቤት አቅርቦ፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2018 ፎርድ አውስትራሊያ ለአቤቱታዎቹ የሰጠው አያያዝ ሕሊና የማይቀበለው ነው ተብሎ 10 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር እንዲቀጣ ተወስኗል። እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው የቅጣቱን መጠን አይደለም። እያንዳንዱ ገዢ ለብቻው ሲጮህ “አንተ አነዳድ አታውቅም” ይባል ነበር። ወረቀቱ በአንድ ቦታ ሲሰበሰብ ግን የአነዳድ ጉዳይ አለመሆኑ ታወቀ።

የትራክተሩ ነገር ደግሞ ይበልጥ ይቀርበናል። የአሜሪካ ገበሬዎች ከጆን ዲር ኩባንያ ጋር ለዓመታት የተሟገቱት ልክ እንደ እኛ በስክሪን ላይ ስለሚወጣ ቁጥር ነው። በዘመናዊ ትራክተር ውስጥ ሞተሩንና ሃይድሮሊኩን የሚመራ ሶፍትዌር አለ፤ ሙሉ መመርመሪያው በተፈቀደላቸው አከፋፋዮች እጅ ብቻ ስለነበር፣ ገበሬው ብረቱን ራሱ ቢለውጥ እንኳ ማሽኑ አዲሱን ዕቃ የማይቀበልበት ጊዜ ነበር። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2015 ለአሜሪካ የቅጂ መብት መሥሪያ ቤት ባቀረበው ጽሑፍ፣ ሶፍትዌሩን በተመለከተ ገዢው ያለው ተሽከርካሪውን የመጠቀም ፈቃድ እንጂ ባለቤትነት አይደለም የሚል ክርክር አንሥቶ ነበር። የመቶ ሺህዎች ዶላር ማሽን ለገዛ ገበሬ ይህን መስማት ምን እንደሚመስል መገመት አያዳግትም። መሥሪያ ቤቱ በዚያው ዓመት ባለቤቱ ለጥገና ብሎ ሶፍትዌሩን ቢከፍት ሕግ እንዳልጣሰ እንዲቆጠር ፈቀደ፤ በ2018 ደግሞ ፈቃዱ ባለቤቱ ለሚያሠራቸው ጠጋኞችም ተዳረሰ። በጥር 2023 ኩባንያው ከአገሪቱ ትልቁ የገበሬዎች ማኅበር ጋር የጥገና መጽሐፍና መመርመሪያ ለማቅረብ የስምምነት ሰነድ ፈረመ። የኮሎራዶ ግዛት በዚያው ዓመት ሕግ አውጥታ ከጥር 2024 ጀምሮ የእርሻ መሣሪያ አምራቾች ለባለቤቶች መለዋወጫ፣ መጽሐፍና መመርመሪያ እንዲያቀርቡ አስገደደች። በጥር 2025 ደግሞ የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን ከሁለት ግዛቶች ጋር ሆኖ በኩባንያው ላይ ክስ መሥርቷል።

አሜሪካኖች ተጠግኖ የማይድን አዲስ መኪናን “ሎሚ” ይሉታል። እኛ ጋ ሎሚ በጥምቀት ለወደዱት የሚወረወር ነው፤ እነርሱ ጋ ግን የብስጭት ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ኮነቲከት የተባለችው ግዛት በዚህ ላይ የመጀመሪያውን ሕግ አወጣች። ለአንድ ዓይነት ብልሽት 4 ጊዜ ተሞክሮ ያልዳነ፣ ወይም በጥገና በድምሩ 30 ቀን የቆመ አዲስ አውቶሞቢል እንዲለወጥ ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ የሚያስጠይቅ ሕግ ነው። ሌሎቹም ግዛቶች ተከትለዋታል።

በአገራችን በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 “ሸማች” ያለው ለግሉ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛውን ሰው ነው፤ ኮምባይነር የሚገዛ ዩኒየን በዚህ ትርጉም ውስጥ አይወድቅም። ለእኛ የሚሠራው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሽያጭ ክፍልና የፈረምነው ውል ነው። ሕጉ ገዢ የተረከበውን ዕቃ ሳይዘገይ እንዲመረምርና ጉድለት ሲያገኝ ለሻጩ ወዲያው እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። በስልክ መደወል ለማስረጃ አይበቃም። ደብዳቤ ይጻፍ፣ ቀን ይኑረው፣ የተቀበለው ሰው ይፈርምበት።

ሻጮችም የሚሉት እንዳላቸው መካድ አይገባም። እስከ 2016 ዓ.ም. ድረስ መለዋወጫ ለማስገባት የውጭ ምንዛሪ ወረፋ ወራት ይፈጅ ነበር፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የምንዛሪ አሠራሩ በገበያ ዋጋ እንዲመራ ከተደረገ በኋላ ደግሞ የዕቃው ዋጋ በብር ሲሰላ ወደ ላይ ወጣ። ሌላው የእኛው ጣጣ ነው። አንዱ ዩኒየን የአንድ አገር ትራክተር ሲገዛ ጎረቤቱ የሌላ አገር ይገዛል፤ በዕርዳታ የመጣው ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው። በአንድ ዞን ውስጥ ሁለት ሦስት ማሽን ብቻ የሸጠ ነጋዴ የእያንዳንዱን ኩሽኔታና ሴንሰር በመጋዘን ይዞ እንዲጠብቀን መጠበቅ አይቻልም። ተመሳሳይ ማሽን በመሰብሰብ ገበያ መሆን የምንችለው እኛ ነን።

ስለ ናፍጣም ልናገር፤ ከሻጮች ጋር ከምንጣላባቸው ነገሮች ብዙውን ጊዜ ይህ አለበትና። በአሁኑ ሞተር ውስጥ ነዳጁ ወደ ኢንጀክተር የሚሄድበት ግፊት 1,600 ባርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። በአውቶሞቢል ጎማ ውስጥ ያለው ነፋስ 2 ባር ገደማ መሆኑን አስቡ። በዚህ ግፊት የሚሠራ ኢንጀክተር ቀዳዳው እጅግ ቀጭን ስለሆነ ጥቂት ውኃና በዓይን የማይታይ አቧራ ያበላሹታል። አባቶቻችን የነዱት የድሮው ትራክተር ከበርሜል በላስቲክ ቱቦ የተሳበ ናፍጣ ጠጥቶ ይሠራ ነበር፤ ይህኛው አይችልም። ሻጭም ይህን ስለሚያውቅ ኢንጀክተር በተበላሸ ቁጥር “ነዳጃችሁ ቆሻሻ ነው፣ ዋስትናው አይሸፍንም” ይላል። አንዳንዴ እውነቱን ነው። አንዳንዴ ግን የዕቃው ጉድለት በዚሁ ቃል ይሸፈናል፤ ለመለየት ደግሞ ማስረጃ ያስፈልጋል። ስለዚህ ኦፕሬተሮቻችን በየጠዋቱ የውኃ ማጣሪያውን እንዲያራግፉና በመዝገብ እንዲፈርሙ፣ ናፍጣ በተቀዳ ቁጥርም ጥቂት በጠርሙስ ታሽጎ ቀን ተጽፎበት እንዲቀመጥ አድርገናል። መጀመሪያ ላይ የሳቁብን ነበሩ። በዚህ ዓመት አንድ ኢንጀክተር ሲበላሽ ጠርሙሱንና መዝገቡን አቀረብን፤ ሻጩም ዕቃውን በዋስትናው ለወጠ።

ወደ ግዢው ልመለስ። እስከ ዛሬ ጨረታ ስናወጣ የምናወዳድረው ዋጋንና የፈረስ ጉልበትን ነው። ዋስትናውም “12 ወር” ተብሎ ይጻፋል፤ ማንም አይጠይቅም። ኮምባይነር ግን በዓመት የሚሠራው ከሁለት እስከ ሦስት ወር ብቻ ነው። ማሽኑ ጥር ላይ ቢደርስ ዋስትናው አብዛኛውን ጊዜ በመጋዘን ውስጥ ያልቃል፤ ጉድለቱ የሚታየው በኅዳር ነው። ስለሆነም ዋስትናው ከመጀመሪያው አጨዳ ቀን ወይም በሥራ ሰዓት እንዲቆጠር፣ በጥገና የቆመበትም ቀን እንዲጨመርበት በውሉ ይጻፍ። ባለሙያ በስንት ቀን እንደሚደርስ፣ ካልደረሰ ሻጩ ምን እንደሚከፍል ይወሰን። የጥገና መጽሐፉና ቁጥሩን የሚያነበው መመርመሪያ ከማሽኑ ጋር እንዲመጡ፣ ሁለት መካኒኮቻችንም ሥልጠና እንዲያገኙ ይጠየቅ። ከክፍያውም ጥቂቱ አንድ አዝመራ እስኪያልፍ ይያዝ። ሻጭ እምቢ ይላል የምትሉ ትኖራላችሁ። ለአንድ ማሽን እምቢ ሊል ይችላል፤ አምስት ዩኒየኖች አንድ ዓይነት 15 ማሽን እንገዛለን ብለው በአንድነት ቢቀርቡት ግን የሚያስብበት ይመስለኛል።

አሁን ለጉባኤው የቀረበው የውሳኔ ሐሳብ ከጎረቤት ዩኒየኖች ጋር የጋራ የመለዋወጫ መጋዘን ማቋቋም ነው። ገንዘቡ የሚገኘው በዚህ ዓመት ለአባላት ከሚከፋፈለው ትርፍ ላይ ተቀንሶ ስለሆነ ቅሬታ መኖሩን አውቃለሁ። ባለፈው ውይይት አንድ አባት “ልጄ፣ ለበሬ ገለባ ይከመራል፤ ብረት ገዝቶ መከመር ግን ገንዘብ መቅበር አይደለም ወይ?” ብለው ጠይቀውኛል። አባቴ፣ ሁሉን ብረት አንገዛም። ቶሎ የሚያልቁትን፣ ማለትም ቺንጋ፣ ኩሽኔታ፣ ፊልትሮ፣ የማጭድ ጥርስ፣ የሃይድሮሊክ ቱቦና ሴንሰር በየዩኒየናችን እናስቀምጣለን። እንደ ነዳጅ ፓምፕ ያሉት ውድ ዕቃዎች ለአምስታችን አንድ አንድ ይበቃሉ። ባለፈው ኅዳር ያ ሴንሰር በመጋዘን ቢኖርና የሚያነበው መሣሪያ በእጃችን ቢሆን ኖሮ ኮምባይነሯ በማግሥቱ ማጨድ በጀመረች ነበር። የእርሶ ማኅበር አባላት ለግል ኮምባይነር የከፈሉትንና በዝናብ የተበላሸውን ስንዴ አስልተን በሰንጠረዥ አያይዘናል፤ ከሚቀነሰው የትርፍ ድርሻ ጋር አስተያይተው ይፍረዱን።

በዚህ አጋጣሚ የኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት ለምታስቡ አባላት አንድ ነገር ልጨምር። ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ በትራንስፖርት ሚኒስቴር ስለተገለጸ ጥያቄው እየበዛ ነው። ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት የባትሪው ዋስትና በማን እንደተሰጠ፣ በአምራቹ ነው ወይስ ባስመጣው ነጋዴ ብቻ፣ በጽሑፍ ጠይቁ። ነጋዴው ነገ ሌላ ሥራ ሊጀምር ይችላል።

የውሳኔ ሐሳቡና ሰንጠረዡ በየጠረጴዛችሁ ላይ ተቀምጠዋል። ከምሳ በኋላ ድምፅ ይሰጥበታል። የብልሽት መመዝገቢያ ቅጹን ያልወሰዳችሁ የማኅበራት ተወካዮች ከመውጣታችሁ በፊት ከንብረት ክፍል እንድትወስዱ አሳስባለሁ፤ ካለፈው ኅዳር ጀምሮ የገጠማችሁን ሁሉ፣ የግል መኪናችሁንም ጭምር፣ ቀንና የሻጩን መልስ ጨምራችሁ ሙሉልን። ጥያቄ ያላችሁ አሁን መጠየቅ ትችላላችሁ።