ስክሪን ላይ ወደ ኋላ የሚፈስ ደም

ሐኪም መድረክ ላይ ሲወጣ ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት ይመክረናል ብላችሁ ፈርታችሁ ከነበረ ዛሬ አመለጣችሁ። የማወራው የኢንጂነሮቻችንን ጉዳይ ነው።

ፊልም ላይ መኪናው ወደ ፊት እየሄደ ጎማው ወደ ኋላ የሚዞር ሲመስል አይታችኋል አይደል? ካሜራው በሴኮንድ 24 ምስል ብቻ ስለሚያነሳ በመካከል የሆነውን አያየውም። ኢንጂነሮች ይህን «ኤሊያሲንግ» ይሉታል። አንድን ሞገድ በትክክል ለመያዝ በሴኮንድ ከሚወዛወዘው ከሁለት እጥፍ በላይ ናሙና መውሰድ ያስፈልጋል።

እኛ ጋ ይኸው ነገር የልብ አልትራሳውንድ ላይ ይመጣል። ፐልስድ ዶፕለር አንድ የድምፅ ምት ይልካል፣ እስኪመለስ ይጠብቃል፣ ከዚያ ሌላ ይልካል። እያንዳንዱ ምት አንድ ናሙና ነው። ድምፅ በሰውነት ውስጥ በሴኮንድ 1540 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 12 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ላለ ቫልቭ በሴኮንድ ከ6400 ምት ብዙም ማለፍ አይቻልም። በ2.5 ሜጋኸርዝ ፕሮብ ይህ ሲሰላ የሚለካው ፍጥነት ጣሪያ 1 ሜትር በሴኮንድ ገደማ ነው። በ1.5 ሜትር የሚፈስ ደም ታዲያ ስክሪኑ ላይ በግማሽ ሜትር ፍጥነት ወደ ኋላ ሲሄድ ይታያል! ቤዝላይኑን ብናንቀሳቅስ እስከ 2 ሜትር እንደርሳለን፤ ከዚያ ወዲያ የለም።

ከባድ የአዎርታ ቫልቭ ጥበት ባለበት ሰው ግን ደሙ በ4 ሜትርና ከዚያ በላይ ይወረወራል። ፍጥነቱን በራሱ፣ ከዚያም በ4 ስናባዛው የግፊቱን ልዩነት እናገኛለን፤ 64 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ። ያው ሰው 2 ሜትር ተብሎ ቢነበብ 16 ይወጣል። በ64 ስለ ቀዶ ሕክምና እንነጋገራለን፤ በ16 የክትትል ቀጠሮ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

መውጫው ኮንቲንዩስ ዌቭ ዶፕለር ነው። ሳያቋርጥ ስለሚልክና ስለሚቀበል ያ ጣሪያ የለበትም፤ ፍጥነቱ ከየትኛው ጥልቀት እንደመጣ ግን ለይቶ አይነግረንም። አንዳንድ በእጅ የሚያዙ አልትራሳውንዶች ይህ የላቸውም፣ ምስላቸው ቢያምርም። «በኋላ በሶፍትዌር ይስተካከላል» የሚላችሁን ሻጭ አትመኑት፤ ሲለካ ያልተያዘ ነገር በኋላ አይገኝም። ኢሲጂም ሲሆን ለአዋቂ በሴኮንድ ቢያንስ 500 ናሙና የሚወስድ መሆኑን ጠይቁ።

ለጤና ተቋም መሣሪያ እንግዛ የምትሉ፣ ፕሮፎርማ ከመሰብሰባችሁ በፊት እራት ላይ አግኙኝ። ጥያቄዎቹን ጽፌ እሰጣችኋለሁ፤ በሐኪም እጅ ጽሑፍ ሳይሆን በታይፕ።