የማናውቀው ክረምት

(በሲያትል ከተማ ለምእመናንና አዲስ መጤዎችን ለሚረዱ የፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



በዚህ በጥቅምት ወር፣ ሰማዩ ገና ሳይዘጋ፣ ስለ ክረምት እንድንነጋገር ጊዜ ስለ ሰጣችሁን እናመሰግናለን። ከመካከላችሁ «በጥቅምት ደግሞ የምን ክረምት?» የሚል አይጠፋም። በአገራችን ጥቅምት ዝናቡ ያለፈበት፣ መንገዱ የደረቀበት፣ እህሉ የሚያሸትበት ጊዜ ነው። እዚህ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ፀሐይ ናቸው። ሰው «እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገራችሁ» ተባብሎ ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይ ደመናው ይወርዳል፤ እስከ መጋቢትም በቀላሉ አይነሣም።

እኛ ባልና ሚስት ከአዲስ አበባ ወደዚህ ከተማ ስንመጣ ዝናብ ያስቸግረናል ብለን አላሰብንም ነበር። ቆርቆሮ ጣራ ሲደበደብ እርስ በርስ መሰማማት አቅቶን ያደግን ሰዎች ነን። እንዲያውም በመጠን ከተለካ አዲስ አበባ ትበልጣለች። በዓመት ከ1100 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንብባታል፤ በሲያትል የሚዘንበው 1000 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ልዩነቱ አዘናነቡ ላይ ነው። የአዲስ አበባ ዝናብ ብዙ ጊዜ ከቀትር በኋላ ይመጣል፤ ነጎድጓዱን አሰምቶ፣ ጎርፉን ለቆ ይሄዳል። የሲያትል ዝናብ ግን ካፊያ ነው። በዓመት ውስጥ 150 በሚያህሉ ቀናት ይዘንባል። ባይዘንብም ሰማዩ አመድ መስሎ ይውላል።

ከዝናቡ ይልቅ የሚከብደው ግን ጨለማው ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ9 ዲግሪ ላይ ስላለች፣ በዓመቱ አጭር በሆነው ቀን እንኳ 11 ሰዓት ተኩል ያህል ብርሃን ታገኛለች። ሲያትል ያለችው ከ47 ዲግሪ በላይ ነው። ታኅሣሥ 12 ቀን ገደማ ፀሐይ በአገራችን አቆጣጠር ወደ ጧቱ 2 ሰዓት ላይ ወጥታ 10 ሰዓት ከ20 ላይ ትገባለች። ቀኑ ከ8 ሰዓት ተኩል አይሞላም፤ እርሱም በደመና የተሸፈነ ነው። እንግዲህ በአገር ቤት ልጆች ከትምህርት ቤት ተመልሰው ሜዳ ላይ በሚጫወቱበት ሰዓት፣ እዚህ መብራት አብርተን ራት እናስባለን።

የመጀመሪያውን ክረምት ሁሉ ነገር አዲስ ስለ ነበረ አለፍነው። በሁለተኛው ግን ተያዝን። አሥር ሰዓት ተኝተን ደክሞን እንነሣለን። ዳቦና ጣፋጭ እያማረን ክብደት ጨመርን። በትንሽ ነገር መቆጣት ጀመርን። ከሁለታችን አንዱ ስልክ ሲጠራ አንሥቶ በማናገር ፈንታ ቁጭ ብሎ ያየው ነበር። ጸሎታችን ስለ ደከመ መስሎን ራሳችንን ወቀስን፤ ለሰው መናገርንም አፈርን። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ለሌላው እያስተማርን፣ የራሳችንን ደበቅን።

ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ግን ከዚህ ለሚብሰው ስሕተታችን ነው።

በመካከላችን አንዲት እናት ነበሩ፤ ስማቸውን አንጠራም። ከስብሰባ በኋላ ቡና የሚያፈሉት እርሳቸው ነበሩ፤ አዲስ የመጣ ሰው ሲያዩ ስሙን ሳይጠይቁ አይለቁትም። ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ቀሩ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ስድስት ሳምንት ሆነ። በአገልጋዮች ስብሰባ ላይ ስማቸው ሲነሣ፣ በዝርዝሩ ላይ በስማቸው አጠገብ «ቀዝቅዘዋል» ብለን ጻፍን። ይህን ቃል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ስንጽፈው ምንም አልመሰለንም። ስልክ ተደወለላቸው። በስልክም ስለ ትጋት ምክር ተሰጣቸው። ሰጪዎቹም እኛው ነበርን።

በታኅሣሥ ወር ወደ ቤታቸው ሄድን። ስለ እርሳቸው ተጨንቀን ብንል ውሸት ይሆናል፤ የተዋስነውን የእንጀራ ምጣድ ለመመለስ ነበር። ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ደጋግመን አንኳኳን። በመጨረሻ በሌሊት ልብሳቸው ላይ ጋቢ ጣል አድርገው ከፈቱልን። መጋረጃው ሁሉ ተዘግቷል። ትንሽ አየት አድርገውን «ልጆቼ፣ አሁን ጧት ነው ወይስ ማታ?» አሉን።

ተቀምጠን ሰማናቸው። በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ሥራ ይሠራሉ። ሲሄዱ ጨለማ፣ ሲመለሱ ጨለማ ነው። ሊነጋ ሲል ይተኛሉ፤ ሲነሡ መሽቷል። «ፀሐይን ከመስቀል ወዲህ አላየኋትም» አሉን። ባለቤታቸው በሕይወት የሉም፤ ልጃቸው በሌላ ክፍለ ሀገር ነው። መምጣት ሳይፈልጉ ቀርተው አይደለም፤ ልብሳቸውን ለብሰው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው የሚውሉበት እሑድ ነበር። «እግሬ አልነሣ ይለኛል» አሉን። ከዚያም በቀስታ እንዲህ አሉ፦ «ስትደውሉ ‹ለምን ቀሩ?› ትሉኛላችሁ። ‹እንምጣ ወይ?› ያለኝ ግን የለም።»

ምጣዱን በእጃችን ይዘን እንደ ቆምን ቀረን። ያን ዕለት «ቀዝቅዘዋል» የሚለውን ቃል ከዝርዝሩ ላይ ሠረዝነው፤ እስከ ዛሬም ማንም ሰው ላይ አልጻፍነውም።

በማግስቱ ቀጠሮ ይዘን ከእርሳቸው ጋር ወደ ሐኪም ሄድን፤ እኛም ስለ ራሳችን ጠየቅን። የሰማነውን በአጭሩ እንንገራችሁ። ይህ ነገር የታወቀ ስም ያለው ሕመም ነው፤ ወቅትን ተከትሎ የሚመጣ ድብርት ይባላል። በሕክምና ጽሑፍ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1984 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የገለጹት ዶክተር ኖርማን ሮዘንታል ደቡብ አፍሪካ ተወልደው ያደጉ ናቸው። በ1976 ከጆሃንስበርግ ወደ ኒው ዮርክ ሲዛወሩ፣ በክረምት ጉልበታቸው ሲከዳቸው በራሳቸው ላይ አዩ። እንግዲህ ፀሐይ ካለበት አገር መጥቶ በጨለማ ክረምት የተቸገረው የእኛ ሰው ብቻ አይደለም፤ ሕመሙን መርምረው የገለጹትም ሐኪም ቀምሰውታል። ምልክቶቹም ብዙ መተኛት፣ ጣፋጭና ዳቦ ማብዛት፣ ከሰው መራቅ፣ ቀድሞ ደስ ይል የነበረው ነገር ሁሉ መሰልቸት ናቸው። ስንፍና አይደለም። ከእምነት መጉደልም አይደለም።

ታዲያ ምን አደረግን? እኛን የረዱንን አራት ነገሮች እንዘርዝር።

አንደኛ፣ በቀን ብርሃን መውጣት። የሰውነታችን ሰዓት የሚስተካከለው በተለይ በጧት ብርሃን ነው። ደመና ቢሆንም እንኳ የውጪው ብርሃን ከቤት መብራት ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀትር በፊት በሲዋርድ ፓርክ በሐይቁ ዳር ዙሪያውን መሄድ ጀመርን፤ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንድ አባት «በዝናብ የሚንሸራሸር እብድ ብቻ ነው» ብለው እምቢ አሉ። ቡናውን በፔርሙስ የሚይዝልን ሰው አጣን ብለን ለመንናቸው፤ ፔርሙሱን ይዘው መጡ። አሁን ከሁላችን ቀድመው የሚደርሱ እርሳቸው ናቸው። የዚህ ከተማ ሰው ዝናቡ እስኪያባራ አይጠብቅም፤ ውኃ የማያስገባ ኮፍያ ያለው ጃኬት ለብሶ ይወጣል። ጥሩ ጃኬትና ውኃ የማያስገባ ጫማ ለአዲስ መጤ ከጥሩ አልጋ ልብስ እኩል ያስፈልገዋል።

ሁለተኛ፣ የብርሃን መብራት። ለዚህ ተብሎ የተሠራ፣ 10,000 ሉክስ የሚሰጥ መብራት አለ፤ ጧት እንደ ተነሡ ለ30 ደቂቃ ያህል በአጠገቡ ይቀመጡበታል። ትክ ብሎ ማየት አያስፈልግም፤ ቁርስ መብላት ወይም ማንበብ ይቻላል። የዓይን ሕመም ያለበት፣ ወይም አንዳንዴ መንፈሱ ከልክ በላይ የሚቀሰቀስበት ሰው ግን አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። ለሁሉ መግዛት ስለማይቻል ጉባኤው ሁለት መብራት ገዝቶ፣ እንደ እድር ዕቃ በተራ ያውሳል።

ሦስተኛ፣ የደም ምርመራ። ከምድር ወገብ ይህን ያህል በራቀ ቦታ በክረምት ወራት ፀሐይ ዝቅ ስለምትል ቆዳችን ቫይታሚን ዲ የሚሠራበትን ጨረር አያገኝም ማለት ይቻላል። ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ በበጋም ቢሆን ረዘም ያለ ፀሐይ ይፈልጋል። ስለዚህ ሐኪማችሁን ቫይታሚን ዲ እንዲለካላችሁ ጠይቁ፤ በገዛ ፈቃዳችሁ ክኒን አታብዙ።

አራተኛ፣ ሳይብስ መናገር። ድብርቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነውር አይደለም። መኖር እንደ ሰለቸው የሚናገር ሰው ካለ ግን ብቻውን አትተዉት፤ በዚያው ሰዓት ሰው ይቀመጥ፣ እርዳታም ይጠራ። በአሜሪካ ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በ988 ስልክ ሌሊትም ቀንም የሚያናግር ሰው አለ። መጸለያችንን አልተውንም፤ ስንጸልይ ግን እጃችን ስልኩ ላይ፣ እግራችን መንገድ ላይ ይሁን።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ የተማርነው አንድ ነገር አለ። በአገር ቤት ክረምት ሰውን ወደ ሰው ያስገባ ነበር። ዝናብ ሲመጣ መንገደኛው በማያውቀው ደጃፍ ይጠለላል። ጎረቤት ከሰሉ ዙሪያ ተቀምጦ በቆሎ እሸት እየጠበሰ፣ ቡና እየጠጣ ያሳልፈዋል። ስለዚህ ብርዱም ጭቃውም ቢኖር ክረምቱ አይከብደንም ነበር። እዚህ ግን ያው ክረምት እያንዳንዱን ሰው በየበሩ ዘጋው። አንዱ ሌሊት ይሠራል፣ ሌላው ቀን፤ አንዱ አውሮፕላን ማረፊያ ነው፣ ሌላው ታክሲ ላይ። ማንም ማንንም አይጠላም፤ ግን ማንም ማንንም አያይም። ብርሃኑ ሲያጥር የሰው ፊትም አብሮ አጠረብን። የሰማዩን ደመና ልናነሣው አንችልም። የተዘጋውን በር ግን ማንኳኳት እንችላለን።

የፕሮጀክት ሠራተኞች ሆይ፣ ለእናንተ ልዩ አደራ አለን። አዲስ ቤተሰብ ሲመጣ የምንሞላው ቅጽ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ልጆች ትምህርትና ስለ ቋንቋ ይጠይቃል። እኛ ከዚያ ጉብኝት ወዲህ ሁለት ጥያቄዎች ጨምረንበታል፦ «በቀን ብርሃን የሚወጡት መቼ ነው?» እና «ምግብ የሚበሉት ከማን ጋር ነው?» መልሱ «አልወጣም» ወይም «ብቻዬን» ከሆነ፣ ጉዳዩን ከቤት ኪራይ እኩል አስቸኳይ አድርገን እንይዘዋለን። በበጋ ለሚመጡትም አስቀድመን እንነግራቸዋለን። በሐምሌ የደረሰ ሰው ይህች ከተማ ሁልጊዜ ብሩህ ትመስለዋለች፤ ኅዳር ሲመጣ ጥፋቱን በራሱ ላይ ይፈልጋል።

እኚያ እናት የት ደረሱ ትሉ ይሆናል። የቀን ሥራ ለማግኘት ከዓመት በላይ ፈጀባቸው። ታኅሣሥ ዛሬም ይከብዳቸዋል፤ ዳኑ ብለን አናጋንንም። ነገር ግን መብራታቸውን ያበራሉ፣ ቅዳሜም አብረውን ይሄዳሉ። ቡናውንም እንደ ገና ያፈላሉ። አንድ ሰው ሁለት እሑድ ሲቀር ስልኩን የሚያነሡት እርሳቸው ናቸው፤ የመጀመሪያ ቃላቸውም «እንምጣ ወይ?» ነው።

ከዚህ ከተማ በስተ ደቡብ ምሥራቅ የሬይኒየር ተራራ አለ፤ ቁመቱ ወደ 4400 ሜትር ነው። በክረምት ሳምንታት ሙሉ ተሸፍኖ ይቆያል፤ አንድ ጧት ደመናው ሲገለጥ ግን ነጭ ሆኖ ከቤቶች በላይ ይታያል። የከተማው ሰውም ያን ቀን «ተራራው ወጥቷል» ይላል። ተራራው ግን የትም አልሄደም ነበር። የቀሩብን ሰዎችም የትም አልሄዱም፤ በየመጋረጃቸው ኋላ አሉ። ቀኑም ከታኅሣሥ አጋማሽ ጀምሮ በየዕለቱ ይረዝማል፤ በየካቲት መጨረሻ ከአዲስ አበባ የታኅሣሥ ቀን ጋር ለመስተካከል ይቃረባል። እስከዚያ ግን አራት ወር አለ። አራት ወር ለብቻ ረጅም ነው።

ስለዚህ የምንለምናችሁ ይህን ነው። በዚህ ወር መጨረሻ ሰዓቱ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ምሽቱም በድንገት ይቀርባል። ከዚያ በፊት እያንዳንዳችሁ የሁለት ሰዎችን ስም ጻፉ፤ አንደኛው ብቻውን የሚኖር፣ ሁለተኛው ሌሊት የሚሠራ ይሁን። እስከ መጋቢት ድረስ በየሳምንቱ ደውሉላቸው፤ በየወሩም በራቸውን አንኳኩ። ምክንያት ካጣችሁ ምጣድ ተዋሱ፤ ስትመልሱ ታገኟቸዋላችሁ።