ከሕፃኑ አልጋ አጠገብ፦ የወላጅ መገኘትና የአስተርጓሚ መብት በለንደን



እ.ኤ.አ. በ1951 ሁለት ዓመት ከአምስት ወር የሆናት አንዲት ሕፃን ለእምብርት ቡአ ቀዶ ሕክምና በለንደን ሴንትራል ሚድልሴክስ ሆስፒታል ስምንት ቀን ተኛች። እናቷ አብራት እንድታድር የጊዜው ሥርዓት አልፈቀደም። በታቪስቶክ ክሊኒክ ይሠራ የነበረው ጄምስ ሮበርትሰን የሕፃኗን ውሎ በካሜራ ቀረጸ። መርጦ ቀረጸ እንዳይባል በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት ብቻ ቀረጸ፤ የግድግዳው ሰዓትም ከምስሉ እንዳይወጣ ተጠነቀቀ። ላውራ ተብላ የምትታወቀው ይህች ልጅ እምብዛም አላለቀሰችም። ወደ ቤት በምትሄድበት ዕለት ግን የእናቷን እጅ ለመያዝ እንቢ አለች።

ፊልሙ በ1952 በሮያል ሶሳይቲ ኦፍ ሜዲስን ሲታይ ከተሰበሰቡት ባለሙያዎች ብዙዎቹ ተቆጡ። ቁጣቸው የሚገርም አይደለም፤ ዝም ያለች ሕፃን ለእነርሱ የተረጋጋች ሕፃን ነበረች። በ1949 የታተመ አንድ የለንደን ሆስፒታሎች ዝርዝር እንደሚያሳየው፣ በሴንት ቶማስ ወላጆች በመጀመሪያው ወር ልጃቸውን ማየት የሚችሉት ማታ ተኝቶ ሳለ ብቻ ነበር።

በ1959 በሰር ሃሪ ፕላት የተመራው ኮሚቴ፣ ወላጆች ያለ ሰዓት ገደብ እንዲጠይቁ፣ እናቶችም ከትናንሽ ልጆቻቸው ጋር እንዲያድሩ ሐሳብ አቀረበ። መንግሥት ሐሳቡን ተቀበለ፤ አላስገደደም። ስለዚህ በብዙ ሆስፒታሎች በሩ እንደ ተዘጋ ቆየ። በ1961 በባተርሲ የተሰባሰቡ እናቶች ማኅበር መሥርተው የትኛው ሆስፒታል እንደሚፈቅድ፣ የትኛው እንደሚከለክል እየጠየቁ መመዝገብ ጀመሩ። የተጻፈውን ሐሳብ ወደ አሠራር ለመለወጥ ከሠሩት መካከል እነዚህ መዝጋቢዎች ይገኙበታል።

ለኢትዮጵያውያን ይህ ታሪክ በመጠኑ እንግዳ ነው። አስታማሚ የሚባል ሰው በሌለበት ሕሙም አልጋ ላይ ይተኛል ብሎ የሚያስብ የለምና። ዛሬ በለንደን ኢትዮጵያዊት እናት ከልጇ አልጋ አጠገብ ማደር ትችላለች። አጠገቡ ሆና የሚነገራትን አለመረዳቷ ግን ሌላ በር ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት የሚነገሩት ነገሮች ቀላል አይደሉም። ሕፃኑ ከማደንዘዣ በፊት ምግብ የሚያቆምበት ሰዓት ለጡት ወተት አንድ፣ ለዱቄት ወተት ሌላ፣ ለንጹህ ፈሳሽ ደግሞ ሌላ ነው። ይህ ከተምታታ ቀዶ ሕክምናው ሊሰረዝ፣ ከዚያም የከፋ አደጋ ሊመጣ ይችላል። ቀጥሎ የስምምነት ቅጽ ይቀርባል። የዩናይትድ ኪንግደም ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2015 በሞንትጎመሪ ጉዳይ እንደ ወሰነው፣ ሐኪም በታካሚው ቦታ ያለ አስተዋይ ሰው ከፍ ያለ ግምት የሚሰጠውን አደጋ ታካሚው በሚረዳው መንገድ ማስረዳት ግዴታው ነው። ባልገባት ቋንቋ ተነግሯት የፈረመች እናት ተረድታለች ማለት አይቻልም። የቤተሰቡ ታላቅ ልጅ የታናሹን ቀዶ ሕክምና አደጋ ለእናቱ እንዲተረጉም ማድረግም ለልጁ ከባድ ሸክም፣ ለሐኪሙም የማይታመን መንገድ ነው።

እዚህ ላይ ለሕግ አርቃቂዎች አንድ ንጽጽር ይቀርባል። በእንግሊዝ እንግሊዝኛ የማይችል ሰው በፖሊስ ተይዞ ቃሉን ሲሰጥ፣ ከ1984ቱ የፖሊስና የወንጀል ማስረጃ ሕግ ጋር የተያያዘው የአሠራር ደንብ አስተርጓሚ እንዲቀርብለት ያዛል። ሕፃኗን ለቀዶ ሐኪም ለምታስረክብ እናት ግን በዚህ ልክ በግልጽ የተጻፈ ሕግ የለም፤ ያለው መመሪያና የ2010ሩ የእኩልነት ሕግ ነው። ያም ሕግ ቋንቋን በስሙ አይጠቅስም።

የሚጠየቀው ሁለት ነገር ነው። ለሕፃናት ቀዶ ሕክምና ስምምነት ሲጠየቅ የሠለጠነ አስተርጓሚ መቅረቡ በሕግ ይጻፍ፤ በስምምነት ቅጹም ላይ አስተርጓሚው የተገኘበት ሰዓትና መንገድ ይመዝገብ። ተሟጋቾችም ሕጉ እስኪወጣ ሳይጠብቁ፣ የባተርሲ እናቶች እንዳደረጉት፣ በየሆስፒታሉ ስንት ቤተሰብ ያለ አስተርጓሚ እንደ ፈረመ መቁጠር ይጀምሩ።