ልጅ የዘገየበት ቤትና የእርግዝና የመጀመሪያ ሳምንታት

በደብረ ብርሃን ከተማ፣ በባሶና ወራና፣ በአንኮበር፣ በጣርማ በርና በጫጫ ያላችሁ፣ ፊደል ቆጥራችሁ ወረቀት ለራሳችሁ ማንበብ የጀመራችሁ ሁሉ፣ የዛሬው ንግግራችን ስለ ልጅ ነው። ልጅ ፈልገው ስለዘገየባቸው ባልና ሚስት እንነጋገራለን። ደግሞም ብዙ የተጠበቀ እርግዝና ሲመጣ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለሚያጋጥመው አደጋ እንነጋገራለን። ሁለቱ የተለያየ ነገር ይመስላሉ። ግን ብዙ ጊዜ ሥራቸው አንድ ነው። ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ያልገባችሁን ቦታ ተመልሳችሁ አንብቡት።

በቅድሚያ ስለ መዘግየቱ።

አንዲት ሴት አግብታ ሁለት ሦስት ዓመት ቆይታ ካልወለደች፣ በኛ አገር ጣት የሚቀሰረው በእሷ ላይ ነው። አማት ታጉረመርማለች። ጎረቤት በቡና ላይ ያነሣታል። «መካን ናት» ይባላል። ባልየውን «አንተስ?» የሚለው የለም። እሱ ሌላ ያገባል፤ እሷ ጓዟን ይዛ ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች። ይህ ፍርድ ያለ ምርመራ የተፈረደ ነው። ባልና ሚስት አብረው ሲመረመሩ፣ ከሁለት ቤት በአንዱ ያህል ችግሩ በወንዱ በኩልም ይገኛል። በእሱ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በሁለቱም የሚሆንበት ጊዜ አለ። ወንዱ ጉልበተኛ ነው፣ ጤነኛ ነው ማለት ዘሩ ደህና ነው ማለት አይደለም። ይህ በዓይን አይታይም፤ በአጉሊ መነጽር ነው የሚታየው።

የወንዱ ምርመራ ደግሞ ቀላል ነው። ዘሩን በንጹሕ ዕቃ ይሰጣል፣ ባለሙያው ያየዋል፣ አለቀ። የሴቷ ምርመራ ግን ረጅም ነው። የደም ምርመራ አለው፣ አልትራሳውንድ አለው፣ የማኅፀን ቱቦ ራጅ አለው። ታዲያ ከቀላሉ መጀመር አይሻልም? አባወራው «እኔ ምን ሆኜ!» ብሎ ሲኮራ፣ ገንዘቡና ዓመቱ በሚስቱ ላይ ያልቃል።

መቼ ነው መሄድ? አብረው እየኖሩ፣ መከላከያ ሳይወስዱ፣ አንድ ዓመት ሞልቶ እርግዝና ካልመጣ ነው። ሴቷ 35 ዓመት ካለፋት ግን ስድስት ወር ይበቃል። በዚህ የሚያፍር ሰው ካለ ይህን ይወቅ፦ የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ በዓለም ላይ ከ6 ሰው አንዱ ያህል በዕድሜው ውስጥ ልጅ የማጣት ችግር ያጋጥመዋል። ጸበል የምትጠመቁ ተጠመቁ። ዱዓ የምታደርጉም አድርጉ። ሐኪም ቤትም ሂዱ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

አሁን ወደ ሥሩ እንምጣ። እዚህ ላይ ልብ በሉ።

የሴት ማኅፀን በቀኝና በግራ ሁለት ቱቦዎች አሉት። እያንዳንዱ እንደ ጣት ያህል ይረዝማል። ውስጡ ግን እጅግ ጠባብ ነው። በየወሩ አንድ ዕንቁላል ወደ አንደኛው ቱቦ ይገባል። የወንዱ ዘር ከማኅፀን በኩል መጥቶ እዚያው ቱቦ ውስጥ ያገኘዋል። ጽንስ የሚጀምረው በማኅፀን ሳይሆን በቱቦው ውስጥ ነው። ከዚያ በጥቂት ቀን ውስጥ እየተገፋ ወደ ማኅፀን ይወርዳል፤ እዚያ ይተከላል።

ቱቦው ሁለቱም በኩል ጨርሶ ከተዘጋ እርግዝና የለም። በከፊል ከተጎዳስ? ዘሩ ትንሽ ስለሆነ ሾልኮ ያልፋል። ጽንሱ ግን ወደ ማኅፀን መመለሻ ያጣል። እዚያው ቱቦ ውስጥ ተተክሎ ያድጋል። ይህ ከማኅፀን ውጭ የተያዘ እርግዝና ይባላል። እንግዲህ ልጅን ያዘገየው ጉዳት፣ እርግዝናው ሲመጣ ደግሞ ቦታውን ሊያሳስተው ይችላል ማለት ነው።

ቱቦን የሚጎዳው ምንድን ነው? ብዙውን ጊዜ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ በሽታ ነው። ጨብጥ አንዱ ነው። ክላሚዲያ የሚባለው ሌላው ነው፤ ይሄኛው ሳያሳምም ለብዙ ጊዜ ተደብቆ ይቀመጣል። ንጽሕና በጎደለው ውርጃ ወይም ከወሊድ በኋላ የሚገባ ቁስለትም ቱቦ ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1979 እስከ 1984 በ25 አገሮች ባስጠናው ጥናት፣ በአፍሪካ ልጅ ያጡ ሴቶች ቱቦ በእንዲህ ዓይነት ቁስለት ተጎድቶ የተገኘው ከሌላው ዓለም በበለጠ ነበር። ስለዚህ ባል ታክሞ ሚስት ካልታከመች፣ ወይም ሚስት ታክማ ባል ካልታከመ፣ በሽታው ይመላለሳል።

ቱቦዋ ለተዘጋ ሴት ዛሬ መላ አለ። ዕንቁላሉን ከሴቷ አውጥቶ፣ በመስታወት ዕቃ ከወንዱ ዘር ጋር አገናኝቶ፣ ጽንሱን ወደ ማኅፀን መመለስ ነው። ይህን መጀመሪያ ያሳኩት በእንግሊዝ አገር ሮበርት ኤድዋርድስ የተባለ ተመራማሪ፣ ፓትሪክ ስቴፕቶ የተባለ ሐኪምና ጂን ፐርዲ የተባለች ነርስ ናቸው። ኦልድሃም በሚባል ከተማ ዓመታት ደከሙ። በኋላም አንዲት ሴት በዚህ ዘዴ አረገዘች። ሁሉም ደስ አላቸው። ግን ጽንሱ የተተከለው በማኅፀን ሳይሆን በቱቦ ውስጥ ሆኖ ተገኘ። ልጅ ሳይሆን ቀረ። ሐኪሙ ራሱ ጽንሱን ማኅፀን ውስጥ አስቀምጦት ሳለ እንኳ ወደ ቱቦ ሊገባ እንደሚችል ከዚህ ታወቀ።

እነሱም ሥራቸውን አልተዉም። ሐምሌ 18 ቀን 1970 ዓ.ም. ሉዊዝ ብራውን የተባለች ልጅ ተወለደች። እናቷ ሌዝሊ ቱቦዎቿ ተዘግተው ዘጠኝ ዓመት ያህል ልጅ ስትጠብቅ የኖረች ሴት ነበረች። በአገራችን ደግሞ በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ በሚገኘው በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ይህ ሕክምና ተጀመረ። በመንግሥት ሆስፒታል የመጀመሪያው ነው። ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ግን ልጅ ለዘገየበት ሁሉ ይህ ያስፈልጋል ማለት አይደለም። ብዙው በመድኃኒትና በምክር የሚረዳ ነው። ለዚህ በቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ይጀምርላችኋል፤ ከአቅሙ በላይ የሆነውን ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ሪፈር ይጽፋል።

እሺ፣ እርግዝናው መጣ እንበል። ወር አበባ ቀረ። አሁን ምን ይደረጋል?

በኛ ልማድ ዝም ይባላል። ሆድ እስኪገፋ ለማንም አይነገርም። የሰው ዓይን ይፈራል። ለጎረቤት አለመንገሩ ደግ፤ ማንም አይወቅሳችሁም። ለጤና ባለሙያ አለመንገር ግን ሌላ ነገር ነው። በተለይ ልጅ የዘገየባት፣ ቱቦዋ ተጎድቷል የተባለች፣ ወይም ከዚህ በፊት ከማኅፀን ውጭ ያረገዘች ሴት፣ ወሯ እንደቀረ መሄድ አለባት። ሽንቷ ይታያል። በአልትራሳውንድ ጽንሱ የት እንደተቀመጠ ይታያል።

ከ100 እርግዝና አንዱ ወይም ሁለቱ ከማኅፀን ውጭ ነው። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ቱቦው ጽንስ ሊሸከም አይችልም። እየተወጠረ ይሄድና ይፈነዳል። ይህም ብዙ ጊዜ የሚሆነው ገና ሆድ ሳይታይ ነው። ምልክቱን አንብቡት፦ ወር አበባ ከቀረ በኋላ በታች ሆድ በአንድ ወገን ሕመም፣ ጠቆር ያለ ትንሽ ደም፣ ማዞር፣ ራስን መሳት። በትከሻ ጫፍ ላይ ሕመምም አለ። ትከሻ ከማኅፀን ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። ሆድ ውስጥ የፈሰሰ ደም ከሳንባ በታች ያለውን ስስ ሥጋ ሲነካው፣ ሕመሙ የሚሰማው በትከሻ ነው። «የታየኝ ደም ትንሽ ነው» ብላችሁ አትዘናጉ። ብዙው ደም የሚፈሰው ወደ ውስጥ ነው።

እንዲህ የሆነች ሴት ሌሊቱ ይንጋ፣ ገበያው ይለፍ አትባልም። ከአልዩ አምባ ቁልቁለት ወደ አንኮበር፣ ከአንኮበር ወደ ደብረ ብርሃን መንገዱ ዳገት ነው፤ ሰዓት ይበላል። ቃሬዛም ቢሆን፣ ባጃጅም ቢሆን፣ መኪናም ቢሆን፣ በዚያው ሰዓት መነሣት ነው። ቀድማ የደረሰች ሴት ሜቶትሬክሴት በሚባል መድኃኒት በመርፌ ልትድን ትችላለች። ቱቦው ከፈነዳ ግን ቀዶ ሕክምናና ደም ያስፈልጋታል። አንድ ቱቦ ቢወጣ ሌላው ደህና ከሆነ ገና ትወልዳለች።

ደም የታያት ሁሉ እንዲህ ሆናለች ማለት ደግሞ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ደም ታይቷቸው በደህና የሚወልዱ ብዙ ናቸው። ሌሎች ይጨነግፍባቸዋል። ከታወቀ 100 እርግዝና 15 ያህሉ ይጨነግፋል። ከዚያም ግማሽ ያህሉ ጽንሱ ሲጀመር በነበረበት ጉድለት ነው። እንስራ ስለ ተሸከመች አይደለም። ስለ ተቆጣች አይደለም። ሌላ ሰው ስላያትም አይደለም።

መጨንገፍን የሚያቆም መድኃኒት የለም ወይ? ይህን ስትጠይቁ አንድ ታሪክ ስሙ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1940ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካ ዲኢኤስ የሚባል መድኃኒት እንዳይጨነግፍ እየተባለ ለብዙ ነፍሰ ጡሮች ይሰጥ ነበር። በ1953 በቺካጎ በጥንቃቄ ተፈተነና ጥቅም እንደሌለው ታወቀ። መስጠቱ ግን አልቆመም። በ1971 ግን፣ እናቶቻቸው መድኃኒቱን ወስደው የተወለዱ አንዳንድ ልጃገረዶች ነቀርሳ ይዟቸው ተገኘ። ሐኪም «ይረዳል ብዬ አስባለሁ» ማለቱ ብቻውን አይበቃም ማለት ነው።

ታዲያ እንዴት ይፈተናል? በዕጣ ነው። በእንግሊዝ አገር በ48 ሆስፒታሎች፣ በመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት ደም የታያቸው 4,153 ሴቶች ፈቃዳቸው ተጠይቆ በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ለአንደኛው ወገን ፕሮጄስትሮን ተሰጠ። ለሌላው መልኩ እሱኑ የሚመስል፣ ግን መድኃኒት የሌለበት ነገር ተሰጠ። የትኛው ለማን እንደ ደረሰ ሴቶቹም ሐኪሞቹም አያውቁም። ውጤቱ በ2011 ዓ.ም. ወጣ። መድኃኒቱን ከወሰዱት ከ100ው 75 ወለዱ፤ ካልወሰዱት 72። ይህ ልዩነት በአጋጣሚም ይመጣል። ነገር ግን ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ የጨነገፈባቸው ለብቻ ሲታዩ፣ ከወሰዱት ከ100ው 72፣ ካልወሰዱት 57 ወለዱ። ጨንግፎባቸው ለማያውቁት ግን መድኃኒቱ ምንም አልጨመረላቸውም።

እንግዲህ ይህ መድኃኒት ለሁሉ አይደለም። ከማኅፀን ውጭ ላለ እርግዝና ደግሞ ጨርሶ አይረዳም። ስለዚህ ከመድኃኒት ቤት ገዝታችሁ አትዋጡ፤ መጀመሪያ ጽንሱ የት እንዳለ ይታይ። ከዚህ በፊት ጨንግፎብሽ ከሆነ ስንት ጊዜ እንደሆነ ሳታፍሪ ተናገሪ። ቁጥሩ ሕክምናውን ይለውጣል።

አሁን ደብተርና እርሳስ አምጡ። ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው «የመጨረሻው ወር አበባሽ መቼ ጀመረ?» ብሎ ነው። ብዙዎቻችን «በሚካኤል ሰሞን» እንላለን። ከእንግዲህ ቀኑን ጻፉት። ለምሳሌ፦ ታኅሣሥ 12። የእርግዝና ሳምንት የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። ከታኅሣሥ 12 እስከ የካቲት 1 ድረስ 49 ቀን፣ ማለት 7 ሳምንት ነው። ከማኅፀን ውጭ ያለ እርግዝና ብዙ ጊዜ የሚያሳምመው በዚህ ሰሞን ነው። ቀኑን የያዘውን ገጽ ባልሽም ያንብበው፤ ራስሽን ብትስቺ ለሐኪሙ የሚነግርልሽ እሱ ነው።