በቤታችን ያለውን ስቴርዮ ስለ ማሻሻል
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በፊዚክስ ክበብ አባሎች የተደረገ ንግግር)

የመረጥነው ጉዳይ በየቤታችን ያለ ነው፤ ይኸውም በመደርደሪያ ላይ የሚቀመጡትን ትንንሽ የስቴርዮ ስፒከሮች እንዴት ማሻሻል እንደሚቻል ነው። ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በብዙ ቤት ልጅ «አዲስ ይገዛልን» ይላል፤ አባት «ይኸኛው ምን ሆነ?» ይላል፤ በመካከሉም ለደብተርና ለዩኒፎርም የተቀመጠው ገንዘብ ይነካል። ስለዚህ ገንዘቡ ከኪስ ከመውጣቱ አስቀድሞ በክፍል የተማርነው ፊዚክስ ይጠየቅ ብለን ተነሣን።

ስፒከር ማለት የኤሌክትሪክን ሞገድ ወደ አየር ሞገድ የሚለውጥ መሣሪያ ነው። በውስጡ ማግኔት አለ፤ በማግኔቱ ክፍተት የሽቦ ጥቅል አለ፤ ጥቅሉም ከወረቀት ወይም ከፕላስቲክ ከተሠራ ሾጣጣ ጋራ ተያይዟል። ከአምፕሊፋየሩ የመጣው ኤሌክትሪክ በሽቦው ሲያልፍ ጥቅሉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይመላለሳል፤ ሾጣጣውም አየሩን ይገፋል፤ ይስባልም። ይህን አሠራር ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ የተባሉ የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲሶች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1925 ዓ.ም. ጽፈው አሳተሙት፤ መሠረቱም እስከ ዛሬ ያው ነው። ድምፅን በሁለት መንገድ ቀድቶ በሁለት ስፒከር የማሰማቱን ዘዴ ደግሞ እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን ብሉምላይን በ1931 ዓ.ም. ለፓተንት አመልክቶበታል።

ትንሽ ስፒከር የሚቸገረው በወፍራሙ ድምፅ ነው። በሰከንድ 50 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ሞገዱ 7 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ 10,000 ጊዜ የሚርገበገበው ቀጭን ድምፅ ግን 3 ሴንቲሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። ወፍራሙን ለማውጣት ብዙ አየር መገፋት አለበት። በ1954 ዓ.ም. ኤድጋር ቪልቸርና ሄንሪ ክሎስ የተባሉ አሜሪካውያን ሣጥኑን አጥብቀው ዘግተው በውስጡ የቀረውን አየር እንደ ሞላ አሠሩት፤ በዚህም ብልሃት በመደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ሣጥን ወፍራሙን ድምፅ በመልካም ሁኔታ ለማሰማት ቻለ። ዋጋው ግን ብዙ የኤሌክትሪክ ኃይል መፈለጉ ነበር። በተፈጥሮ ሕግ አንዱን ስናገኝ ሌላውን እንከፍላለንና።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። አዲስ ከመግዛታችን በፊት በነፃ ሊደረጉ የሚችሉ አራት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፤ ሽቦውን እንመልከት። ቀዩ ከቀዩ፤ ጥቁሩ ከጥቁሩ መገናኘት አለበት። በአንዱ ስፒከር ላይ ብቻ ቢገለበጥ አንዱ አየሩን ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል፤ ዘፋኙም የት እንደ ቆመ አይታወቅም።

ሁለተኛ፤ ቦታውን እንለውጥ። በብዙ ቤት ስፒከሩ የሚቀመጠው በቡፌ ውስጥ በብርጭቆና በስኒ መካከል ነው። ሙዚቃው ሲጮህ ስኒውም አብሮ ይዘፍናል። ከዚያ ይውጣ፤ ቀጭኑን ድምፅ የሚሰጠው ትንሹ ክፍል በተቀመጠ ሰው ጆሮ ትክክል ይሁን፤ ሁለቱ ስፒከሮችና አድማጩም ሦስቱ ጐኑ እኩል የሆነ ሦስት ማዕዘን ይሥሩ። ወደ ግድግዳና ወደ ጥግ ሲጠጋ ወፍራሙ ይበዛል፤ ሲርቅ ይቀንሳል። ስለዚህ አንድ ስንዝር እያንቀሳቀሱ መስማት ነው።

ሦስተኛ፤ ክፍሉን እንመርምር። ወለሉ ሊሾ፤ ግድግዳው ባዶ ሲሚንቶ ከሆነ ድምፁ እየተመለሰ ይደባለቃል። ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ ቢኖሩ ከአዲስ መሣሪያ የበለጠ ለውጥ የሚያሳዩበት ጊዜ አለ።

አራተኛ፤ ሾጣጣውን ከጠርዙ ጋራ የሚያያይዘውን ቀለበት እንይ። ከስፖንጅ የተሠራ ከሆነ ከብዙ ዓመት በኋላ ይፈረካከሳል። ይህ ግን የስፒከሩ ሞት አይደለም፤ ጐበዝ ሬዲዮ ጠጋኝ ቀለበቱን ብቻ ሊለውጠው ይችላል።

ይህ ሁሉ ሳይደረግ ወደ ሱቅ መሮጥ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ከዚህ በኋላ መግዛት ግድ ቢሆን ጓደኞቻችን በተለይ የሚሳሳቱበትን እንንገራችሁ። ብዙዎቻችን «ስንት ዋት ነው?» ብለን እንጠይቃለን፤ የዋቱ ቍጥር ትልቅ ከሆነም ድምፁ ትልቅ ይመስለናል። ነገር ግን ኃይሉ ከ50 ዋት ወደ 100 ዋት እጥፍ ቢሆን የሚጨመረው ድምፅ 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ለጆሮ እጥፍ እንዲመስል 10 ዴሲቤል ያህል፤ ማለት ዐሥር እጥፍ ኃይል ያስፈልጋል። ስለዚህ የሚጠየቀው በ1 ዋት በ1 ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል እንደሚሰጥ ነው። አንዱ 85 ሌላው 88 ቢሆን ሁለተኛው ያንኑ ድምፅ በግማሽ ኃይል ይሰጣል። ደግሞም ኦሙ ይታይ፤ ለ8 ኦም በተሠራ አምፕሊፋየር ላይ 4 ኦም ስፒከር ቢያያዝ አምፕሊፋየሩ ሊግልና ሊበላሽ ይችላል።

በመጨረሻም በጆሮ ይመረጥ እንጂ በዓይን አይመረጥ። ፍሎይድ ቱልና ሾን ኦሊቭ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1994 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ስፒከሩን እያዩ ሲፈርዱና ሳያዩ ሲፈርዱ ፍርዳቸው እንደሚለያይ አሳይተዋል። ስለዚህ በፊቱ ስስ ነጠላ ይጋረድ፤ የሁለቱም ድምፅ እኩል ይደረግ፤ ከፍ ብሎ የሚጮኸው ሁልጊዜ የተሻለ መስሎ ይታያልና። መፈተኛውም የምናውቀው ድምፅ ይሁን። በገና ይሰማ፤ ደካማ ስፒከር የጅማቱን ንዝረት ያሰማል እንጂ ወፍራሙን መሠረት ይውጠዋል። ከበሮ ይሰማ፤ ምቱ እያንዳንዱ ለብቻው ይለይ እንደሆነ ይታይ። የሰው ንግግርም ይሰማ፤ የእናታችን ድምፅ በበርሜል ውስጥ ያለ ቢመስል ያ ስፒከር፤ ሣጥኑ የቱንም ያህል ቢያምር፤ ወደ ቤት አይግባ።

የተወደዳችሁ ጓደኞቻችን፤ ጆሮ እንደ ስፒከር ቀለበት አይለወጥም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ያመለከተው ወሰን 80 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ነው፤ ድምፁ ሲጨምር ሰዓቱ ያጥራል። ጐረቤትም እንቅልፍ ያስፈልገዋል።

የተከበራችሁ ወላጆች፤ ልጃችሁ «ስፒከር ይገዛልኝ» ቢላችሁ አትቈጡት፤ «አራቱን ነገር ፈትሸሃል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። ፈትሾ መልሱን በትክክል ቢነግራችሁ፤ ምንም ሳይገዛ እንኳ ከትምህርቱ አንድ ነገር ወደ ቤት ይዞ መጥቷል ማለት ነው።